ምዕራፍ 6፦ ስፌቱ እስኪፈታ

ማህፀኗና እንቁልጢዎቿ ወጥተው ከክሊኒክ ወደ ቤት የምትመለስ ሴት ውሻ ሆዷ ላይ የሚታየው ነገር ትንሽ ነው። ከእምብርቷ ዝቅ ብሎ ፀጉሩ የተላጨ ቦታ፣ መሃሉ ላይ ቀጭን መስመር፣ በመስመሩ ላይ የተደረደሩ ጥቂት ቋጠሮዎች። ከዚያ መስመር ሥር ግን ሌሎች ሁለት ስፌቶች አሉ። የመጀመሪያው የግራና የቀኝ የሆድ ጡንቻዎች የሚገናኙበትን ነጭ ጅማታማ መስመር የገጠመ ነው፤ አንጀትንና ሞራን በቦታቸው የሚይዘው እሱ ነው። ሁለተኛው ከቆዳ በታች ያለውን ስብ ይሰበስባል። ሦስተኛው፣ ለዓይን የሚታየው፣ ቆዳን ከቆዳ ያገናኛል። ዋናውን ጭነት የተሸከመው ማንም የማያየው የታችኛው ስፌት ነው። በውሻዋ ምላስና ጥርስ የሚመጣ ጉዳት ግን ከላይኛው ይጀምራል፤ ሥራው ካልተቋረጠ ደግሞ ወደ ታች ይወርዳል።

ቀዶ ጥገናው ራሱ ልምድ ባለው እጅ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት አያልፍም። መሣሪያው በእንፋሎት ተቀቅሏል፣ ሐኪሙ ጓንት አጥልቋል፣ ውሻዋ በማደንዘዣ ተኝታለች። ቀጣዮቹ ከ10 እስከ 14 ቀናት ግን የሚያልፉት ጓንትም ማደንዘዣም በሌለበት፣ አቧራና ዝንብ ባለበት ግቢ ውስጥ ነው። በጥንቃቄ የተሠራ ሥራ ቤት ከገባ በኋላ በአንድ ሌሊት ሊበላሽ እንደሚችል የማያውቅ የእንስሳት ሐኪም የለም። ስፌትን መጠበቅ የቀዶ ጥገናው ሁለተኛ አጋማሽ ነው፤ ይህን አጋማሽ የሚሠራው ቤተሰቡ ነው።

ቁስል እንዴት እንደሚድን ማወቅ የቀረውን ሁሉ ያቀላል። ቆዳው በተቆረጠ በደቂቃዎች ውስጥ ደም ይረጋል። በሰዓታት ውስጥ ነጭ የደም ሴሎች ወደ ቦታው ይጎርፋሉ፤ ባክቴሪያ ይገድላሉ፣ የሞተ ሥጋ ይጠርጋሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚታየው ቀለል ያለ መቅላትና ማበጥ የዚህ ሥራ ምልክት ነው። ጠርዝ ለጠርዝ በደንብ በተገጠመ ቁስል ላይ የላይኛው የቆዳ ሴሎች ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ከሁለቱም ወገን ተጉዘው ይገናኛሉ፤ ቁስሉ ከላይ ይዘጋል። ዓይን የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ለቆዳ ጥንካሬ የሚሰጠው ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን ሲሆን፣ እሱን የሚያመርቱት ሴሎች በብዛት ሥራ የሚጀምሩት ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን አካባቢ ነው። እስከዚያ ድረስ ሁለቱን ጠርዞች አንድ ላይ ያቆያቸው ክሩ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዚያም በኋላ ጥንካሬው የሚመጣው ቀስ እያለ ነው። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ የቆዳ ቁስል ያገኘው የጤነኛ ቆዳን ጥንካሬ 20 በመቶ ያህል ነው፤ ከወራት በኋላም ጠባሳው ከ80 በመቶ እምብዛም አያልፍም። ትናንት የተመረገ ግድግዳ ከሩቅ ሲታይ ግድግዳ ነው፤ የተደገፈው ሰው ግን ጭቃው ገና እንዳልደረቀ ያውቃል።

ችግሩን የሚያከብደው የውሻዋ ስሜትና የቁስሉ ሁኔታ በአንድ ፍጥነት አለመሄዳቸው ነው። በመጀመሪያው ቀን ትደክማለች፣ ትተኛለች፣ ምግብ ብትቀምስ ጥቂት ነው። በሦስተኛው ቀን ማደንዘዣው ከሰውነቷ ወጥቷል፣ የሕመም ማስታገሻው እየሠራ ነው፣ ጭራዋን እየቆላች በር ላይ ትቆማለች። ባለቤቱም «ድናለች» ብሎ ይለቃታል። የሆድ ስፌት መላቀቅ በብዛት የሚያጋጥመው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ውስጥ ነው። ውሻዋ ለመሮጥ በምትበረታበት ሰዓት ሆዷ ውስጥ ያለው ቁስል የራሱ የሆነ አቅም ገና አላበጀም።

ስለ ክሩም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ሐኪም ለየትኛው ቦታ የትኛውን ክር እንደሚመርጥ ማወቅ ባለቤቱ ምን እንደሚጠብቅ ይነግረዋል። ለረጅም ዘመን ሐኪሞች ይሰፉ የነበሩት ከበግና ከከብት አንጀት በሚሠራ ክር ነበር። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ጆሴፍ ሊስተር እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መጨረሻ ይህንኑ ክር በካርቦሊክ አሲድ እያከመ ሰውነት ውስጥ ትቶ መዝጋት እንደሚቻል አሳየ። የአንጀት ክር ግን የሚሟሟበት ፍጥነት አይታመንም፤ ቁስሉ ካመረቀዘ ከተጠበቀው ቀን ቀድሞ ይበጠሳል። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ በፋብሪካ የሚሠሩ ሟሟ ክሮች ቦታውን ያዙ። ዛሬ ለታችኛው የሆድ ስፌት በብዛት ከሚመረጡት አንዱ ፖሊዳዮክሳኖን ነው፤ ለሳምንታት ጥንካሬውን ይዞ ይቆይና በ6 ወር አካባቢ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ለቆዳ ናይለን ወይም ፖሊፕሮፒሊን ይመረጣል፤ እነዚህ አይሟሙም፣ በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ ይፈታቸዋል። አንዳንድ ሐኪሞች ደግሞ የቆዳውንም ስፌት በሟሟ ክር ከውስጥ በኩል ይደብቁታል፤ ከላይ ምንም ቋጠሮ አይታይም። እንዲህ የተሰፋች ውሻ የሚፈታ ክር ባይኖራትም ጥበቃው ያው ነው፤ ቁስሉ የሚድንበት ጊዜ በክሩ ዓይነት አያጥርም።

አሁን ወደ ምላሱ።

ውሻ ቁስሉን ይልሳል፤ ይህን ያላየ የለም። ብዙ ሰው ደግሞ መላሱ መድኃኒት ነው ብሎ ያምናል። እምነቱ ጥንታዊ ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 በባለጸጋው ደጅ ተጥሎ የነበረው አልዓዛር ቁስሉን ውሾች ይልሱለት እንደነበር የማያውቅ የአማርኛ አንባቢ ጥቂት ነው፤ ከአድማጩም ብዙው ያንን እንደ ርኅራኄ ይረዳዋል። ሳይንሱም ምራቅን ባዶ እጁን አልሰደደውም። እ.ኤ.አ. በ1990 በዴቪስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት ቤንጃሚን ሃርት ከባልደረባቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት የውሻ ምራቅ ኢ. ኮላይና ስትሬፕቶኮከስ ካኒስ የተባሉ ባክቴሪያዎችን እንደሚገድል አሳይተዋል። ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒና ስታንሊ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1986 የኖቤል ሽልማት ያገኙባቸው የሴል ማሳደጊያ ንጥረ ነገሮችም በአይጥ የምራቅ ዕጢ ውስጥ በብዛት የሚገኙ ናቸው። ዱር ውስጥ እሾህ ለወጋው፣ ቁስሉ በአፈር ለተሞላ እንስሳ መላስ ከምንም ይሻላል።

የቀዶ ጥገና ቁስል ግን ሌላ ነው። አፈር የለበትም፤ ንጹሕ ሆኖ ነው የተዘጋው። የሃርት ጥናት ራሱ እንዳሳየው የውሻ ምራቅ በስታፊሎኮከስ ላይ ያለው ኃይል ደካማ ነው፤ የውሻን ቆዳ በብዛት የሚያመረቅዘው ደግሞ ከዚሁ ቤተሰብ የሆነ ባክቴሪያ ነው። የውሻ አፍ ሌሎች በርካታ ባክቴሪያዎችንም ይዞ ይዞራል። በዚህ ላይ እርጥበቱ አለ፦ ደጋግሞ የተላሰ ቆዳ ይርሳል፣ ይለሰልሳል፣ መርፌው የገባበት ቀዳዳ ይሰፋል። ከሁሉም የሚከፋው የፊት ጥርስ ነው። ውሻ ቁንጫ ሲፈልግ እንደሚያደርገው ቋጠሮውን በፊት ጥርሱ ይዞ ነጨት ነጨት ያደርጋል፤ አንዱ ቋጠሮ ከተፈታ ቀጣዩ ይቀልለዋል። ሥራው ጊዜ አይፈልግም። ሰው ሻይ አፍልቶ እስኪመለስ ድረስ የቆዳ ስፌት በሙሉ ሊፈታ ይችላል። ቁስል ሲድን ያሳክካልና ፈተናው ከቀን ወደ ቀን የሚቀንስም አይደለም፤ በመጀመሪያው ሳምንት ስፌቷን ዞራ ያላየች ውሻ በሁለተኛው ሳምንት ልትጀምር ትችላለች።

ለዚህ ነው ሐኪሙ ወደ ፊት እየሰፋ የሚሄደውን ፕላስቲክ ኮን አንገቷ ላይ አስሮ የሚልካት። ኮኑ የሚሠራው በልኩ ከሆነ ብቻ ነው። ጠርዙ ከአፍንጫዋ ጫፍ ጥቂት ሴንቲ ሜትር አልፎ መውጣት አለበት፤ አጭር ከሆነ አንገቷን አጥፋ ትደርሳለች። አንገቷና ማሰሪያው መካከል ሁለት ጣት መግባት አለበት፤ ከዚያ ከሰፋ በፊት እግሯ ታወልቀዋለች፣ ከጠበበ ይቧጭራታል። ባለቤቱ ማረጋገጥ ያለበት ገና ክሊኒኩ ውስጥ ሳለ ነው፦ ውሻዋ በጎኗ ተኝታ ወደ ሆዷ ስትዞር አፏ ስፌቱ ጋ ይደርሳል ወይስ አይደርስም?

ኮን በማይገኝበት ቦታ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት አሮጌ ብልሃት አለ፤ ያገለገለ የራጅ ፊልም ጠቅልሎ መስፋት፣ ወይም የፕላስቲክ ባልዲ ሥሩን ቆርጦ፣ ጠርዙን በፕላስተር ወይም በጨርቅ ሸፍኖ፣ ቀዳዳ በስቶ ከአንገት ማሰሪያዋ ጋር በፋሻ ማሰር። መልኩ አያምርም፤ ያልተሸፈነ ጠርዝ ቆዳ ይቆርጣልና መሸፈኑ ግድ ነው። በደንብ ከተሠራ ግን ከሱቅ የተገዛውን ያህል ያገለግላል። በአየር የሚነፋው የአንገት ቀለበት ለውሻዋ ይመቻታል፤ አፍንጫዋ ረጅም ከሆነ ግን ሆዷንም እግሯንም ከመድረስ አያግዳትም። ለሆድ ስፌት ጥሩ አማራጭ የሚሆነው ልብስ ነው፦ ለዚሁ የተሰፋ የማገገሚያ ልብስ፣ እሱ ከሌለ የልጅ ቲሸርት የፊት እግሮቿን በእጅጌው አሳልፎ ወገቧ ላይ መቋጠር። ልብሱ በሽንት ከረጠበ ወዲያው መቀየር አለበት፤ እርጥብ ጨርቅ ቁስል ላይ ከሚውል ባይኖር ይሻላል። ጨርቁን ማኘክ የምትጀምር ውሻ ደግሞ ተመልሳ ኮን ያስፈልጋታል። ምሬት ያላቸው የሚረጩ ፈሳሾች ላይ ብቻ መተማመን አይገባም፤ ጣዕሙን ችላ የምትልስ ውሻ ብዙ ናት።

ኮኑ ለውሻዋ ቀላል ነው ማለት ግን ውሸት ይሆናል። የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት ኮን ያጠለቁ ውሾችና ድመቶች ያሏቸውን 434 ባለቤቶች ጠይቀዋል። ከመላሾቹ 77 በመቶ ያህሉ እንስሳቸው ኮኑን ባጠለቀበት ጊዜ ኑሮው እንደተበላሸ ተናግረዋል፤ ውሃ መጠጣትና መጫወት ያስቸግራል፣ ያሳክካል፣ አንዳንዱንም ያቆስላል። ይህ ግኝት በቁም ነገር ሊወሰድ ይገባዋል። መልሱ ግን ኮኑን በሁለተኛው ቀን አውልቆ መጣል አይደለም፤ የተተረተረ ሆድ ተመልሶ ሲሰፋ የሚያመጣው ስቃይ ከኮኑ ጋር አይወዳደርም። መልሱ የውሻዋን ኑሮ በኮኑ ልክ ማስተካከል ነው። የውሃና የምግብ ሳህኗ ከኮኑ አፍ የጠበበ ይሁንና ጡብ ላይ ከፍ ተደርጎ ይቀመጥ፤ ኮኑ ሳህኑን አልፎ እንዲወርድ ነው። በሩን የሚያጠቡ ዕቃዎች ይነሱ። በቀን አንዴ የአንገቷ ቆዳ ይታይ። እንደዚያም ሆኖ መብላት ካቃታት ለምግብ ሰዓት ብቻ ይወልቅላት፤ ያወለቀላት ሰው ግን በልታ እስክትጨርስ ከአጠገቧ ሳይነሳ፣ ስልኩን ሳያነሳ፣ ራሱ መልሶ ያጥልቅላት። ሌሊት ማውለቅ የለም።

የኢትዮጵያ ከተማ ውሻ የግቢ ውሻ ናት፤ የውጭ አገር መጻሕፍት «ሳሎን ውስጥ አስቀምጧት» ሲሉ ይህን አያስቡም። ለሁለት ሳምንት ግን ከግቢው አፈር መነሳት አለባት። አገልግሎት የሌለው ሰርቪስ ቤት፣ በር ያለው መጋዘን፣ የታጠበ ሲሚንቶ ላይ የተነጠፈ ንጹሕ ጨርቅ ይበቃል፤ ጨርቁ በየቀኑ ይቀየር። ሰንሰለትና ኮን አብረው አይሄዱም። ሰንሰለቱ ኮኑ ላይ ይጠመጠማል፣ ውሻዋም ስትወራጭ ኮኑን ትሰብራለች ወይም ትታነቃለች። ዝንብ ደግሞ በተለይ ክረምቱ ሲወጣ ትልቅ ጠላት ነው፤ በረጠበና በሸተተ ቁስል ላይ እንቁላል ትጥላለች፣ እንቁላሉም በአንድ ቀን ውስጥ ትል ሊሆን ይችላል። ደረቅና ንጹሕ የሆነ ስፌት ዝንብን አይጠራም። ውሻዋ ከሌላ ውሻ ጋር የምትኖር ከሆነ መለየት አለባቸው፤ የራሷን ስፌት እንዳትደርስ በኮን የተከለከለችውን ጓደኛዋ ይልስላታልና።

ሐኪሙ የሰጠውን መመሪያ የሚሰማው ብዙ ጊዜ የግቢው ጌታ ነው፤ ከውሻዋ ጋር የሚውሉት ግን ዘበኛውና የቤት ሠራተኛዋ ናቸው። ማታ ውሾቹን የሚፈታው ሰው ለምን እንደማይፈታት ካልተነገረው እንደ ልማዱ ይፈታታል። መመሪያው ለእነሱ መድረስ አለበት፤ ስፌቱን በዓይናቸው አይተው፣ ጤነኛ ሲሆን ምን እንደሚመስል ተነግሯቸው። በዓል ከተቃረበ አጥንት እንዳይሰጣት አስቀድሞ መነገሩ አይከፋም። አጥንት የበላች ውሻ ዓይነ ምድሯ ይደርቃል፣ ስታምጥም ሆዷ ላይ ያለው ስፌት ይወጠራል።

ከምላሱ ቀጥሎ ያለው ጠላት ዝላይ ነው። ሆድ ሲሳብ፣ ስትዘልና ስትሮጥ ቆዳና ጡንቻ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ውስጥ ፈሳሽ ይጠራቀማል። ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ስፌቱ ሥር የሚታይ፣ ሲነካ የሚናወጥ፣ የማያምና የማያተኩስ እብጠት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ሰውነቷ በሳምንታት ውስጥ መልሶ ይመጠዋል። በመርፌ ልውጋው፣ ልጭመቀው ማለት ባክቴሪያ ማስገባት ነው፤ ሐኪሙ አይቶት ይወስን። ውሻዋ ለሽንትና ለዓይነ ምድር የምትወጣው በገመድ ታስራ ለጥቂት ደቂቃዎች ነው። ደረጃ፣ የመኪና ወንበር፣ ሶፋ ላይ መዝለል፣ የግቢ በር ሲንኳኳ እየጮኹ መሮጥ ሁሉ ይቆማል። የጉልበት ጅማት ተበጥሶ አጥንት ተቆርጦ የተስተካከለላት ውሻ ከሆነች ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ቆዳዋ በሁለት ሳምንት ቢገጥምም አጥንቷ እስኪይዝ ቢያንስ 8 ሳምንት ይጠበቃል።

መታሰር ለማይሆንላቸው ቀዥቃዣ ውሾች ሐኪሞች የሚያረጋጋ መድኃኒት ሊያዝዙ ይችላሉ። በሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት ትራዞዶን የተባለው መድኃኒት ለ36 ውሾች ተሰጥቶ አብዛኞቹ ባለቤቶች ውሻቸው እንደረጋ መስክረዋል። ያው ቡድን ቆይቶ ግማሾቹ ውሾች መድኃኒት የሌለበት ክኒን የሚወስዱበት ጥናት ሲሠራ ግን በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። መድኃኒቱ ለአንዳንዷ ውሻ ይረዳ ይሆናል፤ የተዘጋን በርና የገመድን ቦታ ግን አይተካም። ምግቧን በጨርቅ ጠቅልሎ እንድትፈልገው ማድረግ፣ ቁጭ ብላ የምትማረው ትእዛዝ ማስተማር፣ አጠገቧ መቀመጥ፣ እነዚህ ዋጋ የሌላቸው ቢመስሉም ቀኑን ያሳጥሩላታል።

በስፌቱ ላይ ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ አጭር መልስ አለው፦ ሐኪሙ ካላዘዘ ምንም። አይታጠብም፣ አይቀባም። አልኮልና ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ባክቴሪያን ሲገድሉ አዲስ የሚበቅለውን ሥጋም ይጎዳሉ። ቅባት የተቀባበት ቦታ ውሻዋን ለመላስ ይጋብዛል፤ ለሕፃናት ቆዳ የሚሆነው ዚንክ ያለበት ቅባት ደግሞ ሲላስ ይመርዛል። በእኛ አገር የሚደማ ቁስል ላይ የተፈጨ ቡና መነስነስ የተለመደ ነው። ለውሻ ስፌት አይሆንም፤ ዱቄቱ በቁስሉ ውስጥ ባዕድ ነገር ሆኖ ይቀራል፣ ቡናውን ስትልሰው ካፌይኑ ልቧን የሚያስቸግር መርዝ ነው።

የሕመም ማስታገሻው ጉዳይ ከዚህም የከበደ ነው። በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ የሚገኙት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቷን ይጎዳሉ፤ ለሰው ግማሽ ክኒን የሆነው ለትንሽ ውሻ የሞት መጠን ሊሆን ይችላል። ፓራሲታሞልም ያለ ሐኪም አይሰጥም። ለውሻ የተፈቀዱ እንደ ሜሎክሲካምና ካርፕሮፌን ያሉ መድኃኒቶች አሉ፤ መጠናቸው በኪሎዋ የሚሰላ፣ ሐኪሙ ብቻ የሚያዝዛቸው። «ሕመሙ ቢሰማት አርፋ ትተኛለች» ብሎ ማስታገሻ መከልከልም ስህተት ነው። ቁስሉ የሚያማት ውሻ የምትልሰው ይበልጥ ነው።

በቀን ሁለት ጊዜ፣ በብርሃን፣ ስፌቱ መታየት አለበት። በመጀመሪያው ቀን በስልክ የተነሳ ፎቶ ትልቅ አገልግሎት ይሰጣል፤ በየቀኑ ከእሱ ጋር እያመሳከሩ ለውጡን ማየት ይቻላል፣ ሩቅ ላለ ሐኪምም መላክ ይቻላል። ጤነኛ ስፌት ደረቅ ነው፣ ጠርዞቹ ተገናኝተዋል፣ መቅላቱ ከቀን ወደ ቀን ይቀንሳል። በመጀመሪያው ቀን ጠብ ያለ ጥቂት ደም አያስደነግጥም። ከቀናት በኋላ የሚመጣ ደም የቀላቀለ ውሃማ ፈሳሽ ግን ሊናቅ አይገባም፤ የታችኛው ስፌት እየለቀቀ ለመሆኑ ቀዳሚ ምልክት ሊሆን ይችላል። መግል፣ መጥፎ ሽታ፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት፣ የተከፈተ ጠርዝ፣ ሙሉ ቀን ምግብ መተው፣ ደጋግሞ ማስመለስ ወደ ሐኪም የሚያስሄዱ ናቸው። የውሻ ጤነኛ የሰውነት ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሆነ በእጅ ተነክታ «ሞቀች» ማለት ትኩሳት አለባት ማለት አይደለም፤ በቴርሞሜትር ይለካ። ድዷ ነጣ ያለ፣ የምትንገዳገድና የምትቀዘቅዝ ውሻ ሆዷ ውስጥ እየደማች ሊሆን ይችላልና እስኪነጋ አትቆይም።

የከፋው ሆዱ ተከፍቶ አንጀት ወይም ሞራ ሲወጣ ነው። ያን ጊዜ የሚደረገው ጥቂት ነው፣ በፍጥነት ግን መደረግ አለበት። የወጣውን ወደ ውስጥ መመለስ አይሞከርም። በመድኃኒት ቤት በሚሸጠው የጨው ውሃ፣ ከሌለም በንጹሕ ውሃ በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ይሸፈናል፤ በላዩ ፎጣ ሆዷ ላይ ዞሮ ይታሰራል፤ አፏ እንዳይደርስ አንድ ሰው ጭንቅላቷን ይይዛል። ምግብም ውሃም አይሰጣትም፤ ማደንዘዣ ይጠብቃታል። ከዚያ መንገድ። በጊዜ የደረሰች ውሻ ትድናለች፤ የራሷን አንጀት መብላት የጀመረች ግን ዕድሏ እየጠበበ ይሄዳል።

ባለቤት ለሌላቸው ውሾች ይህ ሁሉ ጥበቃ የለም። የመንገድ ውሻ ኮን አጥልቃ አትለቀቅም፤ ለስፌት ፍቺ የሚያመጣትም የለም። በሕንዷ ጃይፑር ከተማ «ሄልፕ ኢን ሰፈሪንግ» የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከኅዳር 1994 እስከ ታኅሣሥ 2002 ድረስ 24,986 የመንገድ ውሾችን ባመከነበትና ለእብድ ውሻ በሽታ በከተበበት ሥራ ይህን ጥያቄ መመለስ ነበረበት። ሐኪሞቹ ከሆድ መሃል ይልቅ በቀኝ ጎን በኩል በትንሽ መቁረጫ የሚገቡበትን መንገድ ሠሩበት፤ አሠራሩም እ.ኤ.አ. በ2012 በሙያው መጽሔት ታትሟል። በጎን በኩል ያለው ቁስል ሆድ ላይ እንዳለው የአንጀቱን ክብደት አይሸከምም፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተነባበሩ ጡንቻዎች ይሸፍኑታል፣ ውሻዋንም ሳይዙ ከሩቅ ማየት ይቻላል። በሥራው አካባቢ የውሾቹ ቁጥር በ28 በመቶ ቀነሰ፤ በእብድ ውሻ በሽታ የሚያዘው ሰው ቁጥርም ዜሮ ደረሰ። የእብድ ውሻ በሽታ ዛሬም ሰው በሚገድልባት ኢትዮጵያ ይህ ልምድ በጥንቃቄ ሊጠና ይገባዋል፤ ከክትባቱና ከማምከኑ እኩል የስፌቱ አሠራር አብሮ ታስቦበት።

ቀጠሮው ሲደርስ፣ ብዙ ጊዜ ከ10ኛው እስከ 14ኛው ቀን፣ ሐኪሙ እያንዳንዱን ቋጠሮ በትንሽ መቆንጠጫ ከፍ አድርጎ ከሥሩ በመቀስ ይቆርጠውና ይስበዋል። ውጭ የነበረው ክር በቁስሉ ውስጥ እንዳያልፍ ነው ከሥሩ የሚቆረጠው። ቤት ውስጥ በምላጭ መሞከር፣ ወይም ክሩን ከቀጠሮው በኋላ ለወራት መተው፣ ሁለቱም ቆዳውን ያመረቅዛሉ። ስፌቱ ሲፈታ ቦታው ያሳክካታል፤ ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች ኮኑ አንድ ወይም ሁለት ቀን እንዲቆይ ይመክራሉ። ገላዋን መታጠብም ከዚያው በኋላ ይሁን፣ ሩጫውም ቀስ በቀስ ይመለስ። በቀጣዮቹ ሳምንታት ከጠባሳው ሥር የአተር ፍሬ የሚያክል ጠንካራ ነገር በጣት ሲዳሰስ ሊገኝ ይችላል። ብዙ ጊዜ ገና ያልሟሟ የውስጥ ክር ቋጠሮ ነው፤ ክሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። እየተለቀ ከሄደ፣ ከቀላ ወይም ፈሳሽ ካወጣ ለሐኪሙ መታየት አለበት።